የቅልጥም ነገር

ጎልያድ ቅልጥሙን በናስ ገምባሌ ሸፍኖ ግንባሩን ተመታ። የተራራ ብስክሌት ነጂ ደግሞ ግንባሩን በሄልሜት ሸፍኖ ቅልጥሙን ይመታል። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ሞኝ ነው ብዬ ለመፍረድ አልቸኩልም። ጎልያድ ግን ቢያንስ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተመታው፤ እኛ በየእሑዱ ነው።

ቅልጥም ስል ተቀቅሎ የሚቀርበውን፣ መቅኔው እየተመጠጠ የሚበላውን ማለቴ አይደለም። የራሳችንን ነው። ከጉልበት በታች፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ፣ እጅ ሲሰዱበት አጥንቱ ያለ አማላጅ የሚገኘውን። ተፈጥሮ አንጎልን በራስ ቅል ዘጋችበት፤ ልብና ሳንባን በጎድን አጥንት አጠረች፤ ጭንን በጡንቻ ሞላች፤ መቀመጫን እንኳ ቀኑን ሙሉ ከመቀመጥ ሌላ ሥራ ሳይኖረው ፍራሽ አነጠፈችለት። ቅልጥም ላይ ስትደርስ በጀት አለቀባት። በአጥንቱ የፊትና የውስጥ ገጽ ላይ ጡንቻ የሚባል ነገር የለም። ቆዳ አለ፣ ከቆዳው ሥር ስስ ሽፋን አለ፣ ከዚያ ወዲያ አጥንት ነው። ያቺ ስስ ሽፋን ደግሞ በነርቭ የተሞላች ናት። መብራት በጠፋበት ሌሊት ከአልጋ ጠርዝ ጋር የተጋጨ ሰው ሁሉ ይህን ለመማር ሕክምና ትምህርት ቤት መግባት አላስፈለገውም።

የተራራ ብስክሌት ፔዳል ይህን የሰውነት አሠራር ያውቃል ብዬ መማል አልችልም፤ የሚያውቅ ግን ይመስላል። የመዳፍ ያህል ስፋት ያለው ጠፍጣፋ አሉሚኒየም ነው። በላዩም በታቹም፣ በየገጹ ከ8 እስከ 12 የሚሆኑ ጥቃቅን ብሎኖች ጫፋቸውን አሹለው ቆመውበታል። ነጂዎች ጥርስ እንላቸዋለን። ሥራቸው የጫማን ሶል ነክሰው መያዝ ነው፤ ድንጋይና ጉድጓድ በበዛበት ቁልቁለት እግር ከፔዳሉ እንዳይነሳ። ሥራቸውን በደንብ ይሠራሉ። ጥርስ ግን ሶልና ቆዳ ለይቶ አይነክስም።

አመታቱ እንዲህ ነው። እንጦጦ ላይ ናችሁ እንበል፤ ባሕር ዛፉ መሀል፣ ዝናብ ባባራ ማግስት። መንገዱን አቋርጦ የተጋደመ ሥር አለ፣ እርጥብ ነው። ከኮርቻው ተነስታችሁ በሁለቱ ፔዳሎች ላይ ቆማችኋል። የፊቱ ጎማ ሥሩን ዘለለው፣ የኋላው ተከተለ፣ ብስክሌቱ ከሥራችሁ ወረደና ቀኝ እግራችሁ ለቅጽበት አየር ላይ ቀረ። ከዚያ የሰውነታችሁ ክብደት በሙሉ በግራው ላይ አረፈ። ሁለቱ ፔዳሎች በአንድ ብረት የተያያዙ ናቸውና ግራው ቁልቁል ሲወርድ ቀኙ ሽቅብ ይመጣል። በዚያው ሰዓት ቀኝ እግራችሁ ፔዳሉን ፍለጋ ወደ ታች እየመጣ ነው። መገናኘታቸው አይቀርም፤ የሚገናኙትም ቅልጥም ላይ ነው።

ልብ በሉ፤ የመታችሁ ፔዳሉ አይደለም፤ የገዛ ግራ እግራችሁ ነው። ቀኙ የተበደለው በወንድሙ ነው። እዚያ ቁልቁለት ላይ ቆሞ ብስክሌቱን፣ አስመጪውን፣ የባሕር ዛፉን ሥር፣ ብሎም ባሕር ዛፍን እዚህ አገር ያስገቡትን ሁሉ የሚረግም ሰው ጥፋተኛውን በራሱ ሱሪ ውስጥ ይዞ ነው የሚዞረው። ካቴና ሲዘል ወይም ሲወልቅም ነገሩ ያው ነው። ዳገት ላይ በሙሉ ጉልበት የሚረገጥ ፔዳል ድንገት ባዶ ይሆናል፣ እግር ይስታል፣ የቀረው ይታወቃል።

በልጅነታችን በሰፈር በዙር እየተከራየን የነዳናቸው ብስክሌቶች ፔዳል እንዲህ አልነበረም። ላስቲኩ ከረጅም ጊዜ በፊት ወልቆ፣ የቀረው አንድ ድቡልቡል ብረት ነበር። እሱም ይማታል። ግን ለስላሳ ነውና ያሳብጣል እንጂ አይዘነጥልም፤ ማታ እናት ሳታይ ሱሪ መልበስ ይበቃ ነበር። ጥርሱ የመጣው ከሥልጣኔ ጋር ነው። ይህን ስፖርት ወግ ያደረጉት የካሊፎርኒያ ማሪን አውራጃ ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከባባድ አሮጌ ብስክሌቶችን እየገፉ ተራራ አውጥተው ቁልቁል ይለቁ ነበር። በ1976 የጀመሩት ውድድር ስሙ «ሪፓክ» ነው። የኋላው ፍሬን ቁልቁለቱን እስኪጨርስ ግሪሱ ጤሶ ስለሚያልቅ፣ ከእያንዳንዱ ግልቢያ በኋላ እንደገና ግሪስ መሙላት ነበረባቸው፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ፍሬኑ በሚጤስበት ዘመን ስለ ቅልጥም የሚያስብ አልነበረም፤ አልፈርድባቸውም። ከዚያ ወዲህ ፍሬኑ የዘይት ግፊት ሆነ፣ ሹካው መንጠሪያ ገባለት፣ ጎማው ሰፋ፣ ስፖርቱም በ1996 አትላንታ ላይ ኦሎምፒክ ገባ። ሁሉም ነገር ተሻሻለ። ቅልጥም ግን ዛሬም የድሮው ሞዴል ነው።

የተነከሰ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ጥርሱን ማውለቅ ነው። ጥርሱን በሞረድ የሞረዱ፣ አንዳንዱንም በጉጠት የነቀሉ ሰዎች አውቃለሁ። በእኔ ግምት ከዚህ የከፋ መድኃኒት የለም። ጥርስ የሌለው ፔዳል አይነክስም፣ እውነት ነው፤ ግን ያዳልጣል። ምቱን የሚያመጣው ደግሞ ማዳለጡ ነው። ከላይ እንዳየነው እግር ከፔዳሉ ካልተነሳ ፔዳል ወደ ቅልጥም የሚመጣበት ምንም ምክንያት የለውም። ስለዚህ ነገሩ ግራ ነው፦ ስለታም ጥርስ ያለው ፔዳል አልፎ አልፎ ይመታል፣ ሲመታ ግን ያደማል፤ ድዱ የቀረ ፔዳል ደግሞ ዕለት ዕለት ይመታል። እኔ አልፎ አልፎውን እመርጣለሁ። እንዲያውም ያለቁት ጥርሶች ተፈትተው በአዲስ መተካት አለባቸው፤ የተፈጠሩትም እንዲቀየሩ ሆነው ነው። የጥርሱ ነገር ጨርሶ እንቅልፍ የሚነሳው ሰው የናይለን ፔዳል ይግዛ። ጥርሱ ከዚያው ከፕላስቲኩ ጋር አብሮ የተቀረጸ ዓይነት አለ። ይይዛል፣ ሲመታ ግን እንደ ብረቱ አይዘነጥልም።

ቀጥሎ የእግር አቀማመጥ ይመጣል፤ በነጻ የሚገኝ ስለሆነ ማንም ትኩረት አይሰጠውም። ቁልቁለት ላይ ተረከዝ ዝቅ ይበል። ጣት ወደ ታች ያመለከተ እግር ብስክሌቱ ሲነጥር አብሮ ይነሳል፤ ተረከዙ የወረደ እግር ግን ምቱ ራሱ ወደ ፔዳሉ ይጫነዋል። ጉልበት ይላላ። ሁለቱ ፔዳሎች ትክክል ይሁኑ፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። የፈረንጅ አሠልጣኞች ይህን «ፔዳላችሁን 3 ሰዓትና 9 ሰዓት ላይ አድርጉ» እያሉ ነው የሚያስተምሩት። እኛም ሳንጨነቅ ልንቀበለው እንችላለን። የእነሱ 3 ሰዓት የእኛ 9 ነው፣ የእነሱ 9 የእኛ 3 ነው። ከውጭ ከመጣ ምክር ሁሉ ስድስት ሰዓት ሳይደመርበትና ሳይቀነስበት እንዳለ የሚሠራው ይኸው ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ጫማም አለ። ለሩጫ የተሠራ ጫማ ሶሉ ወፍራምና ጠማማ ስለሆነ ፔዳል ላይ ይንከራተታል። የሚያስፈልገው ሶሉ ዝርግና ለስላሳ ላስቲክ የሆነ፣ ጥርሱ ሰርስሮ የሚገባበት ጫማ ነው። በዚህ ስመ ጥሩ የሆነው ፋይቭ ቴን የተባለው ድርጅት በ1985 ሲመሠረት ሐሳቡ ብስክሌት አልነበረም፤ ገደል ለሚወጡ ሰዎች ጫማ መሥራት ነበር። ከገደል ጋር የሚጣበቅ ላስቲክ ከፔዳልም ጋር እንደሚጣበቅ ብስክሌተኞች በኋላ ደረሱበት። ኩባንያውን በ2011 አዲዳስ ገዛው፣ ዋጋውም የአዲዳስ ሆነ። ዋጋው ለከበደው ሰው ዝርግ ሶል ያለው ሸራ ጫማ ከሩጫው ጫማ በብዙ ይሻላል፤ ጣት ላይ ድንጋይ ሲወድቅ ብቻ አያማርር።

ከዚህ ሁሉ ጣጣ ለመገላገል ጫማውን ከፔዳሉ ጋር የሚቆልፍም አለ። ሉክ የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ከበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ያገኘውን ብልሃት በ1984 ወደ ብስክሌት አመጣው፤ በዓመቱ በርናር ኢኖ ቱር ደ ፍራንስን በእሱ አሸነፈበት። በ1990 ደግሞ ሺማኖ ጭቃ የሚችለውን፣ ለተራራ የሚሆነውን አወጣ። የሚቆለፍ ፔዳል ላይ እግር አያመልጥም፣ ጥርስም የለውም፤ ስለዚህ ቅልጥም ዕረፍት ያገኛል። እዳው ሌላ ነው። ጥርሳሙ ፔዳል የሰማንያ ጋብቻ ነው፤ ነገር ሲበላሽ እግርን አንስቶ መሄድ ይቻላል። የሚቆለፈው ግን ቁርባን ነው። ለመላቀቅ ተረከዝን ወደ ውጭ መጠምዘዝ ያስፈልጋል። ዳገት መሀል ትንፋሽ አጥሮት የቆመ ሰው ይህን እስኪያስታውስ ድረስ ከነብስክሌቱ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ይጋደማል፤ ብዙ ጊዜም ሰው በተሰበሰበበት ቦታ። ቅልጥሙን ያተረፈ በክርኑ ይከፍላል።

የፔዳል ጠባሳ ሌላም ጠባይ አለው፤ ለማንም አይገባም። በአንድ መስመር የተደረደሩ ነጠብጣቦች ናቸው፣ አንዳንዴም ከጎናቸው የተጫረ መስመር ይኖራል። ቁምጣ ለብሼ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ያዩኝ አንዲት ጎረቤታችን የሆኑ እናት ዘንቢላቸውን መሬት አስቀመጡ።

«ውይ በሞትኩት! ምን ውሻ ነው እንዲህ ያደረገህ?»

«ፔዳል ነው እማማ።»

«ፔዳል የሚባለው ውሻ የማነው? የላይኛው ግቢ ነው?»

የብስክሌት መሆኑን ሳስረዳቸው እፎይ ይላሉ ብዬ ነበር። የለም። እግሬን አዩት፣ ብስክሌቱን አዩት፣ ስንት እንደተገዛ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። «እና ገንዘብ ከፍለህ ነው የምትነከሰው?» ብለው መልስ ሳይጠብቁ ቁስሉ ላይ የሚነሰነስ የተወቀጠ ቡና ሊያመጡ ወደ ቤታቸው ገቡ።

ቡናው ጀበና ውስጥ ይግባ። ብዙ ቤት የሚሠራበት ደም ማቆሚያ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እማማም በቅንነት ነው። ግን ቁስል ውስጥ የገባ ዱቄት ለማጽዳት ያስቸግራል፣ ጀርምም ያስገባል። በፔዳል የተወጋ ቅልጥም የሚፈልገው ብዙ ንጹሕ ውኃና ሳሙና ነው፤ ጥርሱ ከእንጦጦ ያነሳውን አፈርና የፈረስ ፋንድያ ሁሉ ይዞ ነውና የሚገባው። ደሙን በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብሎ መያዝ፣ ከዚያ መሸፈን። አፉ የተከፈተ፣ አጥንት ያሳየ፣ ወይም ደሙ እምቢ ያለ ቁስል የሐኪም ነው። የቴታነስ ክትባት የቆየበት ሰውም ጤና ጣቢያ ጎራ ይበል፤ የቆሸሸና ጠልቆ የተወጋ ቁስል ቴታነስ የሚወደው ዓይነት ነው። የቅልጥም ቁስል ደግሞ ቶሎ አይድንም። ቆዳው ስስ ነው፣ ከሥሩ ሥጋ የለውም፣ የደም ዝውውሩም ደካማ ነው። ፊት ላይ በሳምንት የሚጠፋ ጭረት ቅልጥም ላይ ሲሆን ጾም አስይዞ ፋሲካ ያደርሳል።

እንግዲህ መሸፈን ነው የሚቀረው። እዚህ ላይ ነው የሰው ልጅ ጠባይ የሚያስቀኝ። ለሄልሜት ይከፍላል፣ ለመነጽር ይከፍላል፣ ክብደቷ ጥቂት ግራም የምትቀንስ ብሎን ከውጭ ያስልካል፤ ቅልጥምህን ሸፍን ሲሉት «ይሞቃል» ይላል። ሞቆት አይደለም፤ አያምርም ብሎ ነው። ጭራሽ ጠባሳውን እንደ ሜዳልያ የሚያሳይም አለ። ካልሲውን ዝቅ አድርጎ «ይቺ የሱሉልታዋ ናት፣ ይቺ የየረር» እያለ ያስጎበኛል። ጠባሳ የሚያኮራው ከጠላት ሲገኝ ነው። ከገዛ ግራ እግር የተገኘ ጠባሳ ምኑ ይፎከርበታል?

ደግሞ ስለ ማማር የሚያወራ ሰው የእግር ኳስን ታሪክ ይመልከት። ሳም ዊዶውሰን የሚባል የኖቲንግሃም ፎረስት ተጫዋች ክሪኬትም ይጫወት ነበር። በ1874 የክሪኬቱን እግር መከላከያ ቆርጦ አሳጠረና ከካልሲው ላይ አስሮ ሜዳ ገባ። መሳቂያ ሆኖ ነበር ይባላል። ዛሬ የጨዋታው ሕግ ቁጥር 4 መጋጫ ያላጠለቀ ተጫዋች ሜዳ እንዳይገባ ይከለክላል፤ የዓለም ዋንጫ የሚበላውም የሚበላበትም እኩል ያጠልቃሉ። እኛም የሰፈር ኳስ ስንጫወት ካርቶን ቆርጠን ካልሲ ውስጥ እንከት ነበር። በአሥር ዓመታችን የገባን ነገር ደመወዝ መብላት ስንጀምር ጠፋብን።

ያ የእግር ኳስ መጋጫ ለብስክሌትም ይሆናል። ገጹ ጠንካራ ፕላስቲክ ስለሆነ የፔዳሉ ጥርስ ተንሸራቶ ያልፋል፤ ስፖንጅ ብቻ የሆነውን ግን ጥርሱ ሊበሳው ይችላል። ጉድለቱ ሁለት ነው። ፔዳል ሲዞር መጋጫው ወደ ቁርጭምጭሚት ይንሸራተታል፤ ለዚህ ረጅም የኳስ ካልሲ ከላይ ማጥለቅ መፍትሔ ነው። ሁለተኛ፣ ከፊት ይሸፍናል እንጂ ባትን አይሸፍንም፤ ፔዳል ደግሞ ከኋላም ይመጣል። ለብስክሌት ተብሎ የተሠራው ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ ይይዛል፣ በማሠሪያ ስለሚጠብቅም አይወርድም፤ ቁልቁለት ለሚወድ ሰው እሱ ይሻላል። ሙቀቱን የማይችል ደግሞ ዲ3ኦ የሚባለውን የእንግሊዞች ፈጠራ የያዘ ስስ መከላከያ ይፈልግ፤ ሲነኩት ለስላሳ ነው፣ ሲመታ በቅጽበት ይጠነክራል፣ ተመልሶ ይላላል። ጂንስ ሱሪ ይበቃኛል የሚል ካለ፣ ከጭረት ያድነዋል፤ ከምት ግን አያድነውም፣ ሱሪውም ይቀደዳል።

ብዙዎች መጋጫቸውን ቦርሳ ውስጥ ይዘው ዳገቱን ወጥተው፣ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ነው የሚያስሩት። ሙቀቱን አስበው ነው፣ ምክንያታዊ ይመስላል። ፔዳሉ ግን ቁልቁለት አይጠብቅም። ብስክሌቱን እየገፉ ዳገት ሲወጡ ከጎን ሆኖ ባት ይጠልዛል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ነው። ብስክሌት ወደ ኋላ ሲሳብ የኋላው ጎማ ካቴናውን ይጎትታል፣ ካቴናው ፔዳሉን ያዞራል፣ በጠባቡ ኮሪደር ከጎኑ ያለው ደግሞ የእናንተ እግር ነው። አንድ ሜትር ሳይነዱ፣ በር ላይ፣ በቤት ልብስ ተመትተው ከቤት ሳይወጡ የቀሩ ሰዎች አሉ። ስለዚህ መጋጫውን ቤት ውስጥ፣ ጫማችሁን ካሰራችሁ በኋላ፣ ብስክሌቱን ከግድግዳው ከማንሳታችሁ በፊት እሰሩት። የእግር ኳሱ ዓይነት ጥንዱ ከአንድ ጥሩ የተራራ ብስክሌት ጎማ ዋጋ ያንሳል።